ስም የታተመበት ጭቃ

ካይሮ የሄድኩት ውኃ ማሸግ ለመማር ነው። ይህን ስናገር የማይስቅ ሰው ገጥሞኝ አያውቅም። ሱሉልታ ባለ አንድ የታሸገ ውኃ ፋብሪካ የጥራት ተቆጣጣሪ ነኝ፤ ፋብሪካው አዲስ የመሙያ ማሽን ሲገዛ አሠራሩን እንድናይ ሦስት ሠራተኞች ወደዚያ ተላክን። «የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» የሚለውን ተረት ሁለቱ ባልደረቦቼ ከቦሌ ጀምረው እስከምንመለስ ድረስ ሲተርቱት ከረሙ።

ሥልጠናው አልቆ የዕረፍት ቀን ሲሰጠን እነሱ ገበያ ወጡ፣ እኔ ሙዚየም ሄድኩ። ሰዉ ሁሉ የሚጋፋው ወርቁ ጋ ነው። እኔ ደግሞ ሰልፍ አልወድም፤ ወርቅም ቢሆን ያን ያህል አያስደንቀኝም። በወርቅ ተሸፍኖ የተቀበረ ሰው ስሙ ባይጠፋ ምን ይገርማል? ስለዚህ ማንም ወደማይገባበት ክፍል ገባሁና አንድ የመስታወት ሣጥን ውስጥ ትልልቅ ካሮት የሚመስሉ የሸክላ ነገሮች ተደርድረው አገኘሁ። አንደኛው ጫፋቸው የሾለ፣ ሌላው ክብና ጠፍጣፋ ነው። በክቡ ፊት ላይ የዚያን አገር የሥዕል ጽሕፈት ታትሞበታል።

ከጎኑ የተለጠፈውን ጽሑፍ አነበብኩ፤ በኋላም ስልኬ ላይ ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብ ብዙ አመሸሁ። የመቃብር ሾጣጣ ናቸው። ከሦስት ሺህ ዓመት በፊት በደቡብ ግብፅ ሹማምንት መቃብራቸውን ከዓለት ሲያስፈለፍሉ፣ ከበሩ በላይ ባለው ግድግዳ ላይ እነዚህን በረድፍ ያስተክሉ ነበር። የሾለው ጫፍ ግድግዳው ውስጥ ይቀበራል፣ ክቡ ፊት ብቻ ወደ ውጭ ያያል። በዚያ ፊት ላይ የባለ መቃብሩ ስምና ሹመቱ አለ፤ አንዳንዴም የሚስቱ ስም አብሮ አለ። አንድ ማኅተም ቀርጸው፣ እርጥብ ጭቃ ላይ ደጋግመው እየመቱ፣ ያንኑ ስም በብዙ ሸክላ ያባዙታል። ለምን እንዲህ እንዳደረጉ ሊቃውንቱ እስከ ዛሬ አልተስማሙም። ከሁሉ ያስደነቀኝ ግን ሌላ ነው። ከእነዚያ ሹማምንት የብዙዎቹ መቃብር የት እንዳለ አይታወቅም። ዓለቱ ተደርምሷል፣ ሥዕሉ ጠፍቷል፣ አፅሙ የለም፤ ሰውዬው በዚህ ምድር ላይ መኖሩ የሚታወቀው በዚያ ጭቃ ብቻ ነው። ድንጋይ አምነው የተቀበሩ ሰዎች ስማቸውን ያተረፈላቸው ጭቃ ሆነ።

አንደኛው ሾጣጣ ጎኑ ላይ የጣት ምልክት ነበረበት። ጭቃው እርጥብ ሳለ የያዘው ሰው ጣት ነው። ጥበቃው መጥቶ አጠገቤ እስኪቆም ድረስ ከዚያ ምልክት ዓይኔን አልነቀልኩም። ለምን እንደሆነ ቢጠይቀኝ ልነግረው አልችልም ነበር፤ በቤታችን የማይነገር ነገር ነውና።

እናቴ የሸክላ ሠሪ ልጅ ነበረች። አሁን ሳየው አንዲት አጭር ዓረፍተ ነገር ናት፤ ግን ቤታችን ውስጥ ጮክ ብላ ስትነገር ሰምቼ አላውቅም። የእኛ ሰው ከሸክላ ሠሪዋ ማሰሮውን ይገዛል፣ ወጡን ይሠራበታል፣ ይጣፍጠዋል፤ ልጇን ግን ለልጁ አይጠይቅም። እናቴ ከከተማ ሰው ስትጋባ ለአባቴ ዘመዶች ወላጆቿ ቡራዩ አካባቢ ገበሬዎች ናቸው ተባለ። ገበሬም ነበሩ እኮ፤ ውሸት የሚባል አልነበረም፣ የጎደለ ነበር እንጂ። ታናሽ እህቷ እዚያው ቀርታ የእናታቸውን ሙያ ያዘች። ለዓመት በዓል ስትመጣ የእናቴ የድሮ ጎረቤት ተብላ ነው የምትተዋወቀው። እናቴ ስትሞትም አክስቴ ድንኳኑ ጥግ ከእድሩ ሴቶች መሀል ተቀምጣ፣ የሩቅ ሰው የሚያለቅሰውን ያህል ብቻ አለቀሰች። እኔ አየኋት። ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ነበር።

ከካይሮ በተመለስኩ ሰሞን እናቴ ከተቀበረችበት የአዲስ አበባ ደብር መልእክት መጣ። የድሮው መካነ መቃብር ለአዳራሽ ስለሚፈለግ ቤተሰብ አፅሙን እያነሳ ፉካ ውስጥ ያስገባ፤ ቀኑ ካለፈ አፅሙ ሁሉ በአንድ ጉድጓድ ይጠቃለላል ይላል። ፉካ ማለት በግቢው ግድግዳ ላይ አንዱ ባንዱ ላይ የተደረደረ፣ አፅም የሚገባበት ጠባብ ቀዳዳ ነው። አፉን የሚዘጋውን ሰሌዳ ቤተሰብ ያመጣል፤ ልኩ የተወሰነ ነው፣ ከምን እንደሚሠራ ግን አልተወሰነም። «ከምን እንደሚሠራ አልተወሰነም» የሚለውን ሳነብ ያ የጣት ምልክት ታወሰኝ። በማግስቱ ሰበታ ወንድሜ ጋ ሄድኩ።

ወንድሜ ታላቄ ነው፤ ጋሼ እለዋለሁ። ሰበታ ውስጥ የብረታ ብረት ቤት አለው፤ የግቢ በር ይበይዳል። የላሜራ በሩ ላይ የባለቤቱን ስም ወይም «እንኳን ደህና መጡ» የሚል ፊደል በግራይንደር ፈልፍሎ ሲያወጣ እጁ አይንቀጠቀጥም፤ ይህን ሁሌም አደንቅለታለሁ። አፉ ግን እንደ በሩ የተዘጋ ነው። «ዝም አይነቅዝም» ይላል። ስንት ነገር ዝም ተብሎ ሲነቅዝ ያየሁ እኔ ነኝ፤ ግን ታላቅ ነው ብዬ አልከራከረውም።

«ጋሼ፣ የእማዬን ሰሌዳ አክስቴ በሸክላ ትሥራው» አልኩት።

የብየዳ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ገፋ አድርጎ አየኝ። «እምነበረድ አዝዣለሁ።»

ስለ ሾጣጣዎቹ ነገርኩት፤ የሹማምንት እንደነበሩ፣ ስማቸውንም ያተረፈላቸው ጭቃ እንደሆነ። ሴት ልጁ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ትሰማ ነበር። ልጅቷ የምትወደው ልጅ አለ፤ አባቱ ከትልቅ ቤት ነኝ የሚሉ፣ ሰባት ቤት የሚቆጥሩ ሰው ናቸው። ሰሞኑን ሽማግሌ ሊልኩ ነው ይባል ነበር። ጋሼ የፈራው እሳቸውን ነው።

«ሰውዬው ለአፅሙ ጸሎት መምጣታቸው አይቀርም» አለ። «ሸክላ አይተው ማን ሠራው ቢሉ ምን ልበል?»

«ፋዘር፣ ሽማግሌ የሚልኩት እኔን ለመጠየቅ ነው ወይስ አያቴን?» አለች ልጅቷ። «ይሄ ነገር ፋራ ነው።»

ጋሼ መነጽሩን ከግንባሩ አውልቆ ጠረገው። በመጨረሻ ተስማማ፤ ግን በአንድ ውል። ሸክላው ይሁን፣ ማኅተሙንም ራሱ ከብረት ይሠራል፤ የሠራችው ማን እንደሆነች ግን አይነገርም። ከገበያ ተገዛ እንላለን። ውሉን ይዤ ወደ ቡራዩ መሄድ የእኔ ዕጣ ሆነ፤ መንገዱ ሁሉ የአክስቴን ፊት እያሰብኩ አፈርኩ።

የአክስቴ ግቢ በአምቦ መንገድ፣ ችግኝ ከሚሸጡት ሰዎች ጀርባ ነው። ድሮ እንስራና ማሰሮ ነበር የምትሠራው፤ እንስራውን ጀሪካን ቀማት። አሁን ለችግኝ ሻጮቹ የአበባ ማሰሮ ትሠራለች፣ የአዲስ አበባ አፓርታማ ሁሉ በረንዳው ላይ የእሷን እጅ ይዟል። ይህን ስነግራት «እነሱ እኔን አያውቁኝም፣ እኔም እነሱን አላውቃቸውም፤ አበባው ያስተዋውቀን» ትላለች። ኩሩ ናት። ማሰሮ ጠማማ ነው ያለ ደንበኛ ግቢዋን ሁለተኛ አይረግጥም።

«አካም ጅርታ ኢንታላ ኮ»፣ እንዴት ነሽ ልጄ፣ ብላ ጉንጬን በክርኗ ነካችኝ፤ እጇ ጭቃ ነበር። የመጣሁበትን ስነግራት እጇን ሳትታጠብ ተቀመጠች።

«ጋሼሽ ፈቀደ?»

«ፈቀደ። ግን…» ብዬ ውሉን ነገርኳት።

ጣቷ ላይ የደረቀውን ጭቃ ፈቀፈቀች። ከዚያ «ቀብሯ ላይ የሩቅ ሰው ሆኜ ነው ያለቀስኩት» አለች። «ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ብቻ ነው የምመኘው፤ እህቴን አንድ ቀን እንደ እህት አልቅሼ ብቀብራት። እሱ ካልሆነ እጄ እንኳ አጠገቧ ይሁን። ቶሌ፣ እሺ ልጄ። ገበያ ነው የሠራው በሉ።»

እኔ ተናደድኩ፤ በጋሼም፣ በሰውዬውም፣ ገበያ በሚባለውም። እሷ ግን የተናደደች አትመስልም ነበር። ስልኬን ተቀብላ የሾጣጣዎቹን ፎቶ በጭቃ ጣቷ እያሰፋች ተመለከተች። የጣቱ ምልክት ላይ ስትደርስ ቆመች። «ይቺ ቸኩላለች» አለች። ወንድ ሳይሆን አይቀርም የሠራው ብላት አላመነችኝም፤ ጭቃ የያዘ ሁሉ ለእሷ ሴት ነው።

ጋሼ ማኅተሙን በሳምንቱ አደረሰልኝ። የእናቴን ስም በወፍራም ብረት ፊደል ቆርጦ ላሜራ ላይ በይዶታል፤ ጠርዙ ተሞርዶ ለስልሷል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የማንንም ስም እንደማልጠራ አንባቢዬ አይቶ ይሆናል፤ የእናቴን ግን ልጠራው ምን ያህል እንደሚያምረኝ ብታውቁ። አነበብኩት፤ አንድም ፊደል አልተሳሳተም። በሰርቪስ ተሳፍሬ፣ አስኮ ወርጄ፣ ባጃጅ ይዤ ለአክስቴ አደረስኩላት።

አክስቴ ሥራ ስትሠራ ማየት ከዚያ ሙዚየም ይበልጣል። ከወንዙ ዳር ያመጣችውን አፈር ትነፋለች፤ የተሰበረ ማሰሮ ገል ፈጭታ ትቀላቅላለች፤ ከዚያ ትረግጠዋለች፣ ትደበድበዋለች፣ ታሸዋለች፤ አንዲት ጠጠር ከቀረች በጣቷ ታውቃታለች። ሰሌዳውን ከልኩ ተለቅ አድርጋ ቆረጠች፤ ጭቃ ሲደርቅና ሲተኮስ ይሰበሰባል። ከአንድም ብዙ አደረገች፤ እሳት የፈለገውን ይሰነጥቃል። ማኅተሙን ስትመታ ትንፋሿን ያዘች። ማንበብ አትችልም፤ የእህቷን ስም ግን እንዲህ ስታየው በመዳፏ ዳር ፊደሎቹን አንድ በአንድ ዳሰሰቻቸው። ያን ጊዜ ወዲያውኑ ማየት ነበረብኝ፤ የእሷን እጅ እያየሁ ፊደሉን አላየሁም። በጆንያ ሸፍና ጥላ ውስጥ አደረቀችው፤ ሲደርቅም በኩበት ተኮሰችው።

እሑድ ሄጄ አመዱን አብረን ገለጥን። ኩበቱ ነዶ አልቋል፣ ሰሌዳዎቹ እንደ በሰለ ዳቦ ቀልተዋል። አንድ ብቻ ነው የተሰነጠቀው። ከደህኖቹ አንዱን አመዱን አራግፌ ላነብ አነሳሁት፤ ላነበው አልቻልኩም። የእናቴ ስም ፊቱን አዙሮ ነበር፤ ፊደሉ ሁሉ ከቀኝ ወደ ግራ፣ እንደ መስታወት ውስጥ።

አክስቴ ፊቴን አይታ «ምነው? ፈነዳ?» አለች።

«አልፈነዳም። ተገልብጧል።»

የጥራት ተቆጣጣሪ ነኝ ብያችሁ ነበር አይደል? ጠርሙስ ላይ ያለች የፀጉር ያህል ጭረት አያመልጠኝም። ቀጥ ብሎ የሚነበብ ማኅተም ሲመታ ተገልብጦ እንደሚወጣ ግን አንዳችንም አላሰብነውም። ጋሼ ዕድሜውን ሙሉ ፊደል የቆረጠው ለበር ነው፤ የበር ፊደል ማንም አያትመውም፣ ይነበባል እንጂ። አክስቴ ደግሞ ፊደሉን በመዳፏ ብቻ ነው የምታውቀው። እኔ ስለራሴ ምንም አልልም። ከዚያ በኋላ ያንን ከሦስት ሺህ ዓመት በፊት የነበረ ማኅተም ቀራጭ ሳስበው ባርኔጣ ቢኖረኝ አነሳለት ነበር። ወፉንም፣ ዓይኑንም፣ ሸምበቆውንም፣ ሹመቱንም ስሙንም፣ ሁሉን ገልብጦ ቀርጾ፣ ጭቃው ላይ ቀጥ ብሎ እንዲወጣ አድርጎታል። እኛ አራት ፊደል አቃተን።

ፎቶ አንስቼ ለጋሼ ላኩለት። ብዙ ቆይቶ ደወለ። «ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አዲሱን ይዤ ራሴ እመጣለሁ።»

መጣ። ልጅ ሳለ ከእናታችን ጋር መጥቶ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ያንን ግቢ ረግጦ አያውቅም። አክስቴን አንቱ ይላታል፤ አክብሮት ይመስላል፣ እኔ ግን ርቀት መሆኑን አውቃለሁ። እሷ «ኢልማ ኮ» ብላ ሳመችው፤ ልጄ ማለቷ ነው። የተገለበጡት ሰሌዳዎች ግድግዳው ሥር ተደርድረው ነበር። ጋሼ አጠገባቸው ቁጢጥ ብሎ አንዱን በጣቱ ዳሰሰና «በር ላይ የምቆርጠው ፊደል ለውጭ ሰው ቀጥ ነው፤ ግቢ ውስጥ ላለ ሰው ተገልብጦ ነው የሚታየው» አለ። «ይሄኛው ደግሞ ከውስጥ ሆና ለምታነበው ለእማዬ ልክ ነው።»

አክስቴ ሳቀች። ሁለቱ አብረው ሲስቁ የሰማሁት ያን ቀን ነው።

አዲሱን ማኅተም ራሱ እንዲመታው አዘዘችው። እጅጌውን ሰብስቦ ጭቃው ውስጥ ገባ፤ «ረጋ በል፣ ብረት አይደለም» እያለች ትቆጣዋለች። አንድ ጊዜ መታ፣ ሁለተኛ መታ። ከዚያ እጁን ወደ አፍንጫው አቅርቦ አሸተተ። እኔን ሳያየኝ ነው የተናገረው።

«እማዬ ክረምት ሲሆን ከግቢው ጭቃ ቆፍራ በሬ ትሠራልኝ ነበር። ቀንድ ያለው፣ ሻኛ ያለው። አባባ ከመምጣቱ በፊት ታፈርሰዋለች። ለማንም እንዳትናገር ትለኝ ነበር። አንድም ቀን አልተናገርኩም።»

እኔ ይህን አላውቅም ነበር፤ እኔ ስወለድ መሥራቱን ትታው ይሆናል። አክስቴ ዞር ብላ ነጠላዋን አስተካከለች። ያኔ ውሉ ቀረ ብዬ ልቤ ሞቀ። ሲወጣ ግን በሩ ላይ ቆሞ «እንግዲህ ከገበያ ነው፤ አደራ» አለን። አክስቴ እንደ ልማዷ «ቶሌ» አለችው።

አፅሟ የወጣው በማለዳ ነው። ነጭ ጨርቅ ለብሳ፣ ከሣጥን ትንሽ በምትበልጥ ነገር ውስጥ ገብታ፣ ያቺ ቤት የምትሞላ ሴት ያቺን ብቻ አከለች። አባ ጸሎቱን አደረሱ። የልጅቷ ወዳጅ አባት እንደተፈራው መጥተዋል፤ ካፖርታቸውን ለብሰው፣ ምርኩዛቸውን ይዘው ከፊት ቆመዋል። አክስቴ ነጠላዋን እንደ ኀዘንተኛ አዘቅዝቃ፣ ጫፉን አፏ ላይ ይዛ፣ ከሁላችን ኋላ፣ ከጽዱ ዛፍ ሥር ቆመች። ነይ ብትሉኝ እመጣለሁ በሚል አቋቋም ነው የቆመችው፤ ማንም ነይ አላላትም።

ሣጥኑ ገባ። ጋሼ ሲሚንቶውን ለጥፎ ሰሌዳውን አነሳ። ግድግዳው ላይ ያሉት ሌሎቹ ሁሉ እምነበረድና ላሜራ ናቸው፤ የእኛው ቀይ ሆኖ ሲገባ ከሩቅ ታየ። ስሟ ቀጥ ብሎ፣ ጎላ ብሎ ወጥቷል። ከታች በኩል አክስቴ ሳትነግረን አውራ ጣቷን ጫን አድርጋበታለች፤ ምልክቱ ተተኩሶ ቀርቷል። ቸኩላ አይደለም።

አዛውንቱ ቀረብ ብለው ሰሌዳውን በጣታቸው መታ አደረጉት። ጥርት ያለ ድምፅ ሰጠ። «እንዲህ ያለ ሥራ አይቼ አላውቅም» አሉ። «የማን እጅ ነው?»

እኔ አፌን ከፍቼ ነበር። ገበያ ልል ነበር፤ አደራ ተብያለሁና። ልጅቷ አባቷን አየችው። ጋሼ እጁ ላይ ያለውን ሲሚንቶ ሱሪው ላይ ጠረገ፤ ከዚያ ወደ ሰውዬው ሳይሆን ወደ ጽዱ ዞረ።

«የአክስቴ» አለ። «የእናቴ ታናሽ እህት ናት። ሸክላ ሠሪ ናት፤ እናታቸውም ሸክላ ሠሪ ነበሩ። ያቻት።»

አዛውንቱ ምን እንዳሉ አልሰማሁም፤ ያሉም አይመስለኝም። ሰዉ ለሁለት ተከፈለና መንገድ ሆነ። አክስቴ በዚያ መንገድ መጣች፤ ነጠላዋን ከአፏ ላይ አነሳችው፤ ሁለት መዳፏን ስሙ ላይ አሳረፈች። ከዚያ ስሙን ጮክ ብላ ጠርታ፣ እንደ እህት አለቀሰች።